አባባ ጠራ

ደወሉ ሲጮህ ታላቅ ወንድሜ ወጥ ቤት ቆሞ እጁን እየታጠበ ነበር። ውሃው ከክርኑ እየተንጠባጠበ ወደ ሳሎን ብቅ አለና በአገጩ ወደ ላይ፣ ወደ አባባ ክፍል አመለከተ።

«ይኸው! ገና ከመግባቴ!»

አክስቴ የምታጥፈውን ልብስ ጥላ ተነሳች። አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ፣ አንዱን የደረጃው መደገፊያ ላይ አድርጋ፣ «ጠራ፣ ጠራ፤ መጣሁ ጋሼ» እያለች ወጣች። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ቤታችን ውስጥ የሚባለው ይኸው ነው፤ ጠራ። ጥቂት ቆይቶ ድምፅዋ ከላይ ተሰማ።

«ምን ላምጣ? ውሃ? ትራሱ ነው?»

«አይደለም» አለ አባባ።

በሽታው የቀኝ ጎኑን ሲወስድ ምላሱንም አብሮ ወስዶበታል። የተረፈችው ይቺ አንዲት ቃል ናት። አዎ ለማለትም አይደለም ይላል፣ እንቢ ለማለትም አይደለም ይላል፤ ልዩነቱን ከዓይኑ ነው የምናነበው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ፣ የስድብ ዓይነት በቃሉ የሚያውቅ ሰው ካንድ ቃል ጋር ቀረ። እኔ ግን አንድ ብቻ ማትረፍ ግድ ከሆነ ደህናዋን መርጧል ባይ ነኝ።

አክስቴ እያቃሰተች ወረደች። «ለምንም አይደለም የጠራው። አንተ ስትገባ ስትገባ ነው እኮ። ምን አስቀይመኸው ይሆን?»

ወንድሜ ፎጣውን አጥፎ አስቀመጠ። የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ሱቁን ዘግቶ አባቱን ሳያይ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። አሁን ግን ገና ጫማውን ሳያወልቅ ደወሉ ይጮሃል፣ እሱም ደረጃውን ሳይወጣ ይመለሳል። እናደድበታለሁ፤ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን ይበላኛል።

ደወሏን የሠራኋት እኔ ነኝ። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ የሰው ወረቀት ሳባዛና ሳሽግ እውላለሁ። ከዚያ የተረፈኝን ጊዜ ሁሉ ሽቦ ስቆርጥና ስበይድ ነው የማጠፋው። ቤተሰቡ «ሽቦ» የሚለኝም ለዚሁ ነው፤ ቅጥነቴም ሳያግዘው አልቀረም። ማይክሮኮንትሮለር የምትባል፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ ቦርድ አለች። የጻፍሽላትን ትእዛዝ ሳታጓድል የምትፈጽም፣ ያልጻፍሽላትን ደግሞ በጭራሽ የማታስብ ፍጥረት ናት። ካንዱ የብረት እግሯ ረጅም ሽቦ አወጣሁና ደረጃውን አሳልፌ በአባባ ግራ እጅ ሥር ካለች ቁልፍ ጋር አገናኘሁት። ሌላው እግሯ ወጥ ቤት ያለውን ደወል ያዘ። አባባ ቁልፏን ሲጫን ቦርዷ ትሰማለች፣ ደወሉ ይጮሃል፣ አክስቴ ትወጣለች። ሌላ ነገር የለውም።

በመጀመሪያ ጨዋ ነበረች። አባባ ውሃ ሲጠማው ጠራ፣ ጀርባው ሲደክመው ጠራ፣ አንዳንዴም መስኮቱን እንድንከፍትለትና መንገዱን እንዲያይ ጠራ። በኋላ ነው መዋሸት የጀመረችው። አክስቴ ወጥታ «ምን?» ስትል አባባ ዓይኑን አፍጥጦ «አይደለም!» ይላታል። እኔ አልጠራሁም ማለቱ ነው። ማን ያምነዋል? የታመመ ሰው ነው፤ ይረሳል፣ ይነጫነጫል ተባለ።

ያን ዕለት ወንድሜ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሳያየኝ ተናገረ።

«እሑድ አጎታችን ይመጣል። ከአረጋውያን መጦሪያው ሰዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ክፍል አላቸው። የአክስቴ ጉልበት አልቋል። አባባም አእምሮው...»

«አእምሮው ምን?»

«ያለ ምክንያት የሚደውል ሰው ምን ይባላል?»

«ደወሏ ናታ የዋሸችው! አባባ አይደለም!»

«ደወሏን የሠራሻት አንቺ ነሽ» አለኝ።

ይቺ ቆረጠችኝ። አክስቴ ልብሷን እያጠፈች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ተዉ» አለች ለማብረድ። እኔ ግን እሑድ ሳይደርስ ነው እንዲጠራ የምፈልገው። አባቴ ከቤቱ የሚወጣ ከሆነ በደወሌ ውሸት አይወጣም አልኩ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሴ።

ቦርዷን ነቅዬ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኳት። አጭር ሽቦ ቀጥዬ ቁልፍ ሰጠኋት። ስጫናት ትጮሃለች፣ ስተዋት ዝም ትላለች። ሰው ፊት የምትጨምት ልጅ ሆነችብኝ። መልሼ ወጥ ቤት ስሰቅላት፣ አክስቴ ብርጭቆ ልታለቀልቅ ስትል፣ ጮኸች። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የምገዛበት ሰውዬ «ቦርዱ ሞቷል፣ ቀይሪው» አለኝ፤ ቀየርኩ። ኃይል የሚሰጣትንም ቀየርኩ፣ ደወሉንም ቀየርኩ። አዲሷም እንደ አሮጌዋ ዋሸች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው።

ወንድሜ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና «አጭሩን ጩኸት እንዳትሰማ አድርገሽ አትጽፊላትም? ሰው ከልቡ ከጠራ ጫን አድርጎ ይይዛል» አለ። ለክፋት አልነበረም፤ ሐሳቡም ጥሩ መሰለኝ። በምሳ ሰዓቴ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደግፌ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጨመርኩ። ቁልፉ ሙሉ አንድ ሰከንድ ካልተያዘ አትመኚ አልኳት። ማታ ሰቀልኳት። ዝም አለች።

ቤቱ ዕረፍት አገኘ። ወንድሜ ገብቶ ሲታጠብ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃውን ወጣና ከአባባ ጋር ተቀመጠ፣ ስለ ሱቁ ሲያወራለት ሰማሁት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አክስቴ እግሯን ሰቅላ ሬዲዮ ታዳምጣለች።

«ዛሬ አንዴም አልጠራ። ልቡ ተመለሰለት፣ ተመስገን» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መስኮቱ እንደተከፈተ ነው፤ ዝናቡ ገብቶ የአልጋውን ግማሽ አርሶታል። ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ወድቋል። አባባ ከትራሱ ተንሸራቶ አንገቱ ወደ ጎን ተጣሟል፣ ግራ አውራ ጣቱ ቁልፏ ላይ ነው። እያየሁት ተጫናት። ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ያዘ፣ ሰከንዱ ሳይሞላ ከዳው። ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ። ደግሞ ተጫነ። ጣቱ ጫፍ ላይ ቀልቷል። ይህ ሰው ስንት ሰዓት ሲጠራ እንደዋለ እግዜር ይወቅ።

«አይደለም» አለኝ፣ በቀስታ። እንዲህ በቀስታ ሲላት ሰምቼው አላውቅም።

ራሴን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ልብሱን እየቀየርኩ፣ አልጋውን እያደረቅሁ፣ አፌ አላረፈም። ጩኸቱን ዝም አሰኘሁ ብዬ አባቴን ዝም አሰኝቼው ነው የዋልኩት። ያን መስመር ያን ጊዜውኑ ሰረዝኩት፤ ደወሏም ወዲያው ወደ ውሸቷ ተመለሰች።

ወንድሜ መጣና፣ ታጠበና፣ ደወሉ ጮኸበት። «ዝም ብሎልን ነበር እኮ!» አለ።

«ዝም አላለም። ዝም አሰኝተነው ነው» አልኩትና ስለ ዝናቡ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሑድን ግን አልሰረዘም። እንደውም «እዪው፣ እኛ እንደማንችል ያየሽው ራስሽ ነሽ» አለኝ።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ። ቅዳሜ ከሥራ ቀረሁ። አባባ ክፍል ገባሁና ቁልፏን ከእጁ ሥር አንስቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለታችንም የምናያት ቦታ አስቀመጥኳት።

«አባባ፣ ዛሬ አንተም ፖሊስ ነህ። ማን እንደሚነካት እንያት» አልኩት። ግማሽ ከንፈሩ ወደ ላይ ተሳበ።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ማንም አልነካትም። ወጥ ቤት ውስጥ ደወሉ ጮኸ።

«አይደለም!» አለ አባባ፣ አልጋውን በግራ እጁ እየደበደበ። ያን ያህል የጮኸው ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያላመነው ሰው ሁሉ እዚያ ቢኖር ደስ ባለኝ።

አክስቴ ከታች «ጠራ፣ መጣሁ» ማለት ስትጀምር በደረጃው ጮህኩባት።

«አትምጪ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምን እሠራለሁ፣ ድስት ልጠርግ ውሃ ከፈትኩ!»

«ዝጊው።»

ዘጋችው።

«አሁን ክፈቺው።»

ከጣሪያው ላይ የውሃ ፓምፑ እምም ብሎ ተነሳ፣ ደወሉም ጮኸ። ዝጊው አልኩ። ክፈቺው አልኩ። ጮኸ። አክስቴ ነገሩ ሲገባት ሳላዛት መክፈትና መዝጋት ጀመረች፤ ደወሉም አብሯት ይጮሃል። «እኔን ነው ለካ ስታስወጣኝ የከረመችው! በገዛ እጄ እየጠራሁ በገዛ እግሬ ስወጣ!» እያለች ሳቀች፤ ሳቁ ሲበዛባት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አባባ በግማሽ ፊቱ ሳቀ፣ እንባው ግን ከሁለቱም ዓይኖቹ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ የማፍርበት ነገር የለም።

ፓምፑን ከደወሏ በኋላ ጣሪያው ላይ ያስገባው ወንድሜ ነው፣ በገዛ እጁ፣ ቧንቧው ውሃ ሲያንስበት። ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ይነሳል። ሲያስገባው ደስ ብሎን ስላጨበጨብን ገመዱን በየት እንዳሳለፈ የጠየቀው የለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ክዳን ፈትቼ ሳይ፣ ወፍራሙ የፓምፕ ገመድና የኔ ቀጭን ሽቦ ባንድ ቱቦ ውስጥ ተቃቅፈው ይወጣሉ። ግድግዳ ላለመብሳት የኔን ቱቦ ተጠቅሞ ነው። ሞተር ሲነሳ ኤሌክትሪኩን ይንጠዋል፤ አጠገቡ የተኛ ረጅም ሽቦ ያን መናጥ ይሰማል። የቦርዷን እግር ደግሞ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነገር በቅጡ አላደረግሁላትም ነበር፤ የጎረቤት ሹክሹክታ ሰምታ አቤት ትላለች። የሙያው ሰዎች ይህን ጣልቃ ገብነት ይሉታል። እኛ ቤትም ጣልቃ ገብ የሚባል አለ፣ እሱ ግን እሑድ ነው የሚመጣው።

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። አዲስ ሁለት ሽቦ እንደ ገመድ አክርሬ ገምጄ በሌላኛው ግድግዳ አሳለፍኩ፤ አብረው የተገመዱ ሽቦዎች የደረሰባቸውን ጩኸት እኩል ስለሚካፈሉት ቦርዷን አያታልላትም። እግሯን ቀጥ የሚያደርግ ሬዚስተር፣ ድንገተኛውን ግፊት የሚውጥ ትንሽ ካፓሲተር አጠገቧ በየድኩ። ፓምፑም ላይ፣ ጩኸቱ ከሚወጣበት፣ ማጣሪያ አደረግሁ። ቁልፏንም ወደ አባባ ግራ እጅ ሥር መለስኳት። አባባ ትራሱ ከፍ ተደርጎለት ሲያየኝ ዋለ። ሽቦው ወለሉ ላይ ሲያልፍ ጠማማ ሆኖ ካየው «አይደለም» ይላል። መስመር የሚጠብቅ ሾፌር ነው፤ አስተካከልኩት።

እሑድ አጎቴ መጣ። የአባባ ታናሽ ነው፤ ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት እሱ ካልሰበሰበ ነገር አይጀመርም፣ ስለዚህ «ሰብሳቢው» እንለዋለን፤ በሌለበት። ሳሎን ውስጥ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወደ አባባ ከመውጣቱ በፊት «እስቲ ጉዳዩን እንጨርስ» አለ።

«መጀመሪያ እሱ እጁን ይታጠብ» አልኩ፣ ወንድሜን እያመለከትኩ።

«ምን?»

«ታጠብ። ሁላችንም ፊት።»

ወንድሜ እኔን አየ፣ አክስቴን አየ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቋን ታፍናለች። ሄደና ቧንቧውን ከፈተ። ፓምፑ ተነሳ። ደወሉ ዝም አለ። ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው፤ ዝም። ከዚያ ስለ ቱቦው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ፓምፑ ነገርኩት። ውሃው እየፈሰሰ ቆሞ ሰማኝ።

«እንግዲህ... እኔ ስገባ ስገባ የሚደውለው...»

«እጅህን ስለምትታጠብ ነው። የፓምፕህ ደወል ነበር። አባባ አንድም ቀን አልደወለብህም።»

ቧንቧውን ዘጋና ከነርጥብ እጁ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባባ ጠልቶኛል ብሎ ሲኖር እንደከረመ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

አጎቴ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «መልካም። ሙያሽን አደንቃለሁ። ደወል ተሠራ አልተሠራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ወንድሜ ከእንግዲህ ስለ ራሱ ሊወስን የሚችል ሰው አይደለም። መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ሐኪም አለው። እኛ ታላላቆች ለእሱ...»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአባባን ክፍል በር ግን ሆነ ብዬ ክፍት ትቼው ነበር።

ደወሉ ጮኸ። አንዴ አጭር፣ ቀጥሎ ረጅም፣ ጆሮ የሚበሳ።

«ይኸው!» አለ አጎቴ። «አልተሠራም!»

ተነስቼ የፓምፑን ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩና ገመዱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ሁላችንም ጠበቅን። ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሞተር የለም፣ የተከፈተ ውሃ የለም።

አጭር። ረጅም።

ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ። ልጅ ሳለ ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ ከአባባ ኋላ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከተማውን ሲዞር ያደገ እሱ ነው።

«ክላክሱ ነው» አለ። «መኪና መንገዱን ሲዘጋበት እንዲህ ነበር የሚነፋው። አጭሩ ለማስጠንቀቅ ነው።»

«ረጅሙስ?» አለች አክስቴ።

«ረጅሙ ስድቡ ነው።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ፣ እኛም ተከተልነው፤ አጎቴም ጭምር፣ ገመዱን ከጭኑ ጥሎ። አባባ ወደ ጎኑ ዞሯል። አውራ ጣቱ ሲከዳው ቁልፏን ወደ ትራሱ ስቦ በአገጩ ተጭኗት ነው የተገኘው። ከታች አሁንም ትጮሃለች። ፊቱ በላብ ርሷል፣ ዓይኑ ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኖ መንገድ እንደዘጉበት ሰው ፈጥጧል።

ወንድሜ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «አባባ፣ ሰማንህ። ጠራ፤ ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። ከዚህ ቤት መሄድ ትፈልጋለህ?»

አባባ አገጩን ከቁልፏ ላይ አነሳ። ልጁን ሳይሆን አጎቴን እያየ መለሰ።

«አይደለም።»

«እንግዲያው አትሄድም» አለ ወንድሜ። «አክስቴን የምታግዝ ሰው እንቀጥራለን፣ እኔም ማታ ማታ እዚሁ ነኝ። ቤትህ ነው፤ ማንም አያስወጣህም። እኔም ብሆን።»

አባባ ግራ እጁን ቀስ አድርጎ አመጣና አውራ ጣቱን ቁልፏ ላይ አኖረ። ከታች ደወሉ ጮኸ፤ አጭሩ ብቻ፣ ያለ ስድቡ።